ከ1,500 ግራም በታች የተወለዱ ልጆች ሳንባ፦ ከአዳማ ወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ በ29 ሳምንቱ፣ 1,200 ግራም ሆኖ ተወለደ። አሁን 7 ዓመቱ ነው፤ ሲሮጥ ቶሎ ይደክመዋል። ከሳንባው ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን የሚያልፍባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በብዛት የሚሠሩት ከ36ኛው የእርግዝና ሳምንት ወዲህ ነው፤ ከተወለደ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላሉ። ልጅዎ ይህን ሥራ የጀመረው ውጭ፣ ምናልባትም ኦክስጅን እየተሰጠው ነው። የአየር ቱቦዎቹም ጠበብ ብለው ሊቀሩ ይችላሉ። ከእርግዝናው መጀመሪያ ተቆጥሮ 36 ሳምንት በሞላው ጊዜ ገና ኦክስጅን ላይ ከነበረ ክትትሉ ይጥበቅ። ደም ማነስና ልቡም ይታይለት፤ ድካም ሁሉ ከሳንባ አይመጣም።

ጥያቄ፦ አስም ነው ተብሎ ፓፍ ታዘዘለት፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ እነዚህ ልጆች ሲጥ ሲጥ ማለታቸው ብዙ ጊዜ ከጠባብ ቱቦ ነው፤ የስቴሮይድ ፓፍ (የቱቦውን እብጠት የሚቀንሰው) እንደ አስም ላይረዳቸው ይችላል። መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ስፓይሮሜትሪ (መሣሪያ ውስጥ በኃይል በመንፋት የሳንባን አቅም የሚለካ ምርመራ) ይሠራለት። ከ6 ዓመት ጀምሮ አብዛኛው ልጅ ይችለዋል። ሳልቡታሞል (ቱቦውን የሚከፍተው ፓፍ) ከምርመራው በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት አይወሰድ። አንዴ ከተነፋ በኋላ 4 ፓፍ ተሰጥቶት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ ይደገማል። ቁመቱ በትክክል ይለካ፤ ውጤቱ የሚነጻጸረው በቁመት፣ በዕድሜና በጾታ ነው።

ጥያቄ፦ ስፔሰር (ፓፉ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱ የሚሳብበት የፕላስቲክ ዕቃ) ከፋርማሲ አጣን።

መልስ፦ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱት፤ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈኑ። በሳሙና ውሃ እጠቡና ሳትወለውሉ አንጠልጥሉት፤ በጨርቅ ሲታሽ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ፓፉን አራግፉ፣ ልጁ የፕላስቲኩን አፍ በከንፈሩ ይግጠም፣ አንድ ብቻ ርጩ፣ 5 ወይም 6 ጊዜ ይተንፍስ። ሁለት ባንዴ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ክትባቱ ክብደት እስኪጨምር ይቆይ?

መልስ፦ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ ከተወለደበት ቀን ተቆጥሮ በሰዓቱ ይሰጥ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ቡና እናፈላለን፤ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ከሰሉና ዕጣኑ ይጎዱታል፤ በር መክፈት ብቻ አይበቃም። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ዕጣን ሲጨስ ልጁ እዚያ ክፍል አይሁን። ሲጋራና ሺሻ ፈጽሞ። የሳንባ አቅም ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ መቀነስ ይጀምራል። ዝቅ ካለ ጣሪያ የሚጀምር ሰው የትንፋሽ እጥረት ቀድሞ ይሰማዋል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉ፤ ክብደቱና ኦክስጅን ላይ የቆየበት ቀን ካደገም በኋላ ለሐኪሙ ያስፈልጋል።