ስምንት ሆኖ ዌልስ ገጠር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው ያየሁት። ከባልሽ፣ ከአምስት ልጆችና ከአማትሽ ጋር ከኦገስት 15 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ተኩል ዌልስ ውስጥ፣ ባሕሩ ዳርቻ ካለችው ከአበራይሮን ከተማ አጠገብ ቤት ተከራይታችኋል። «ልጆቹ ይሰለቻሉ ወይ? በየቀኑ ቲኬት መግዛት ደግሞ አንችልም» ነው ያልሽው። እኛም ከእናቴ ጋር ስምንት ነን። እዚያው አካባቢ ስንኖር ዘጠነኛ ዓመታችን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናሽን ያዢ።

መጀመሪያ ፋሚሊ ቲኬት የሚባለውን እርሺው። እዚህ አገር በቲኬት ሒሳብ ቤተሰብ ማለት ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ ነው፤ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በኋላ ያሉት እንደ ጎረቤት ልጅ ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። አያት ጭራሽ ቤተሰብ ውስጥ የለችም። የመጀመሪያው ዓመት አንድ መዝናኛ ቦታ በር ላይ ሒሳቡን ሰምተን፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ዳቦ በልተን ተመልሰናል። ልጆቹ እስከ ዛሬ ይስቁብናል።

ከዚያ ወዲያ የያዝነው የመንደር ሾው፣ የገበሬዎች ትርኢትና ውድድር፣ ነው። ትልቁ፣ ቢልዝ ዌልስ ከምትባል ከተማ አጠገብ የሚደረገው ሮያል ዌልሽ ሾው፣ በጁላይ ስለሆነ ያመልጣችኋል። አይቆጭሽ። ለብዙ ልጅ ትንሹ ይሻላል። በኦገስት ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ መንደር ካልሆነ ሌላው ሜዳው ላይ ድንኳን ይተክላል። ማስታወቂያው የሚለጠፈው በየሱቁና በየፖስታ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ስልክሽ ላይ ብቻ ከፈለግሽ ግማሹን አታገኚውም። በግ፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ትልቅ ዱባ፣ ረጅም ፎሶሊያ፣ ኬክ፣ ሁሉም ይወዳደራል። ልጆች ከአትክልት እንስሳ የሚሠሩበት ውድድርም አለ። ሦስተኛዋ ልጄ ከኪያር አዞ ሠርታ ሦስተኛ ወጣች። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጃችን ላይ ነው። ለሩጫና ለገመድ ጉተታ ልጅ ስለሚያጥራቸው አምስት ልጅ ይዞ የመጣን ሰው በደስታ ነው የሚቀበሉት። ሳንቲም መያዝ አትርሺ።

አማትሽ ትሰለቻለች ብለሽ ከፈራሽ የእናቴን ነገር ልንገርሽ። የመንዝ ሰው ናት። የመጀመሪያው ሾው ላይ ዝም ብላ አጥሩ ውስጥ ገባች፤ እኛ በኀፍረት ልንሞት ነው። የአንዱን በግ ጀርባ በጣቶቿ ጫን ጫን አድርጋ ዳበሰችና «ሥጋስ አለው፣ ግን ላት የሌለው በግ ምን በግ ነው?» አለች። ልጄ ተረጎመላት። ገበሬው ከት ብሎ ሳቀና አጠገቡ ያለውን አሳያት። ለካ ዳኞቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ወገቡን እየዳበሱ ነው ነጥብ የሚሰጡት! ለግማሽ ሰዓት ያህል አንዱ በዌልስኛ አንዷ በአማርኛ ስለ በግ አወሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቀኑን ቀድማ የምትጠይቀው እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በአማርኛ ሁሉንም «እንግሊዝ» እንላለን። እዚያ እንዳትዪ። ዌልስ ዌልስ ነው። «ዲዮልኽ» ብለሽ ብታመሰግኚ ፊታቸው ይበራል።

ፍልሰታ ላይ ነው የምትመጡት። የሾው ሻይ ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ እንቁላልና ቅቤ አለበት፤ ባራ ብሪዝ የሚሉት የዘቢብ ዳቦ እንኳ እንቁላል ይገባበታል። እኛ በሶና የሽሮ ፍትፍት ይዘን እንሄዳለን። ቡሄ 19 ላይ ነው። አንድ ዓመት ወንዶቹ ልጆቼ የጎረቤት አሮጊት በር ላይ ሆያ ሆዬ ጨፈሩ። ፖሊስ ትጠራለች ብዬ ሳስብ ሳንቲም ይዛ ወጣች። እነሱም ለካ በአዲስ ዓመት ጠዋት ልጆች በየቤቱ እየዘፈኑ ገንዘብ የሚቀበሉበት «ካሌኒግ» የሚባል ልማድ አላቸው። ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገንም።

ሳንቲም ለማያስወጣ ቀን ኒው ኪ ሂዱና ወደቡ ላይ ቁሙ። ዶልፊኖች ብዙ ጊዜ እዚያው ፊት ለፊት ይታያሉ። ቲ5 አውቶቡስ ከአበራይሮን ይወስዳችኋል፤ እሑድ ግን አትመኑት። መኪና ካላችሁ ደግሞ ከአበሪስትዊዝ በስተምሥራቅ ቡልኽ ናንት አር አሪያን ሂዱ። በዚህ ወቅት ከቀኑ 9 ሰዓት (በእነሱ 3 ሰዓት) ላይ ለቀይ ጭልፊቶች ሥጋ ይበተናል። የምትከፍሉት መኪና ለማቆም ብቻ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከመላው ብሪታንያ እዚህ መካከለኛው ዌልስ ውስጥ ጥቂት ጥንዶች ብቻ ነበሩ የቀሩት። አሁን ሰማዩ ይሞላል። እናቴ «ጭልፊት ይቀለባል እንዴ? ጫጩት የፈጀብኝን!» ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

አሁን አደጋ ያለበትን ልንገርሽ፤ እኛ ደገኞች የማናውቀው ስለሆነ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ላንግራኖግ የምትባል ቆንጆ አሸዋ አለች። ባሕሩ ሲሸሽ ቋጥኙን ዞረሽ ወደ ጎረቤቱ አሸዋ ትሻገሪያለሽ። ሲመለስ ያ መንገድ የለም። እኛ ምግብ ዘርግተን ስንጫወት ውኃው ቋጥኙ ጋ ደርሶ አገኘነው። ባለቤቴ እናቴን አዝሎ፣ እኔ ትንሹን ይዤ፣ እስከ ጭናችን ርሰን ወጣን። እንጀራው ለባሕር ሆነ። የየቀኑን ሰዓት የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ በየሱቁ ይሸጣል፣ ግዢው። ለመዋኘት ደግሞ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መካከል ብቻ።

የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅሽ ቢኮራ፣ ከባንክ ሆሊዴይ (የኦገስት የመጨረሻው ሰኞ፣ ሥራ የሚዘጋበት በዓል) በፊት ባለው እሑድ ላንዉርቲድ ዌልስ ወደምትባለው ከተማ ውሰዱት። ሰዎች መነጽርና የዋና ጫማ አድርገው፣ 55 ሜትር ገደማ በሆነ የረግረግ ቦይ ውስጥ ጭቃ ለጭቃ ደርሶ መልስ ይሽቀዳደማሉ። እውነቴን ነው። ሰኞውን ደግሞ አበራይሮን ካርኒቫል አለ፤ ያሸበረቁ መኪናዎች ያልፋሉ፣ ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም።

በጋ ነው ቢሉሽም ኦገስት ያው ክረምታችን ነው። ለሁሉም ቦት ጫማ፣ ለአማትሽ ጋቢ ያዢ። አከራዩን ደግሞ የድስቱን መጠን ጠይቂው። እኛ የተከራየነው ቤት ትልቁ ድስት ለአራት ሰው ነበር። ከሌለ ጻፊልኝ፤ የእኔን መጥታችሁ ትወስዳላችሁ።