መልስ፦ ለባለ 18 ጫማ የሞተር ጀልባ የሚያስፈልጉ የደኅንነት ዕቃዎች

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ፤ በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ከልጆችዎ ጋር ለሚዝናኑበት ባለ 18 ጫማ የሞተር ጀልባ ሕጉ የትኞቹን የደኅንነት ዕቃዎች እንደሚያስገድድ ጠይቀዋል። ከሁሉ የሚቀድመው በጀልባው ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ፣ የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል) ያጸደቀው የነፍስ አድን ጃኬት ሲሆን፣ ጀልባዎ ከ16 ጫማ ስለሚበልጥ ለወደቀ ሰው የሚወረወር ተንሳፋፊም መያዝ አለብዎት። 13 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ከ21 ጫማ በሚያንስ ጀልባ ሲጓዙ ጃኬቱን የመልበስ ግዴታ አለባቸው፤ እኔ ግን እርስዎም እንዲለብሱት አጥብቄ እለምንዎታለሁ፣ ምክንያቱም ድንገት ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት አይደርስለትም።

ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ በጀልባዎ ላይ ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በፍጥነት ሲነዱ ከሰውነትዎ ጋር ማያያዝ ግዴታ ነው። የእሳት ማጥፊያውን በተመለከተ፣ ያገለገለ ጀልባ ከሆነ የገዙት፣ ከጠርሙሱ ላይ የተመረተበትን ዓመት ይመልከቱ፤ ዳግም የማይሞላው ዓይነት ከተመረተ 12 ዓመት ካለፈው ሕጉ አይቀበለውም። ፊሽካ ወይም ጡሩምባ፣ ከፀሐይ ግባት በኋላ ለመጓዝ ደግሞ የጉዞ መብራቶች ያስፈልጋሉ። ወደ ሰፊው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚወጡ ከሆነ ጊዜው ያላለፈበት የአደጋ ምልክት መስጫ (ለምሳሌ የሚተኮስ የብርሃን ርችት) ይጨምሩ።