በ26 ሳምንት ለወለደችው እህታችን፣ ስለ ሆስፒታሉ ክፍያም (ቢሉ) ከዛ በኋላ ስላለውም

እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ! «ልጄ በ26 ሳምንት 870 ግራም ሆኖ ተወለደ፣ ኒኪዩ (የጨቅላ ህፃናት ፅኑ ህክምና ክፍል) ከገባ 3 ሳምንቱ ነው፣ ቢሉን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ፣ ከወጣስ በኋላ ምን ይጠብቀኛል» ላልሽው፣ የኔዋ በ25 ሳምንት 740 ግራም ሆና ነው የመጣችው፣ እዚሁ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ 104 ቀን ተኝታ ወጣች፣ አሁን 4 አመቷ ነው ቤቱን እያተራመሰችው ነው።

ወረቀቱ ላይ የምታይው ቁጥር ሆስፒታሉ ለኢንሹራንሱ የጠራው ዋጋ ነው እንጂ አንቺ የምትከፍይው አይደለም። እኔ አንዱን ፖስታ ከፍቼ ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ሳይ ኩሽና ወለል ላይ ዘጭ ነው ያልኩት። የኛ ድርሻ ግን አውት ኦፍ ፖኬት ማክሲመሙ (በአመት ከኪሳችን የምንከፍለው ጣሪያ) ሲሞላ ቆመ። የተበላነው በሌላ ነው፣ ኖቬምበር ስለተወለደች ጃንዋሪ ሲገባ ቆጠራው ከዜሮ ጀመረና በ3 ወር ውስጥ ሁለቴ ሞላነው።

ልጁን ኢንሹራንስሽ ላይ አስገባሽው? በስራ የሚገኝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው የሚሰጡሽ፣ በራሱ የሚገባ እንዳይመስልሽ፣ ዛሬውኑ ደውዪ!!

ደግሞ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ያዢና ኤስኤስአይ (መንግስት ገቢያቸው ዝቅ ላለ አካል ጉዳተኞች፣ ህፃናትንም ጨምሮ፣ በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ) አመልክቺ። ከ1,200 ግራም በታች የተወለደ ህፃን በክብደቱ ብቻ የጤና መስፈርቱን ያሟላል፣ ሆስፒታል እስካለ ድረስ ደግሞ የናንተ ገቢ አይቆጠርም፣ ቤት ሲገባ ነው መቁጠር የሚጀምሩት። ተኝቶ እያለ የሚሰጡት በወር ቢበዛ 30 ዶላር ስለሆነ ባሌ «ለ30 ዶላር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ፎርም» ብሎኝ ነበር 😅 ግን ገንዘቡን አይደለም የምትፈልጊው፣ በአብዛኛው ስቴት ሜዲኬይድ (የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ) አብሮት ይመጣል፣ ኢንሹራንስሽ የተወውን እሱ ይይዘዋል። ኤስኤስአይ ካመለከትሽበት ወር በፊት ላለው አይከፍልም ስለዚህ አትቆዪ።

ከወጣ በኋላ ያለው ነው ማንም ያልነገረኝ። የአይን ሀኪም (ሬቲናቸውን ደጋግመው ያዩታል)፣ የሳንባ ሀኪም፣ ፊዚካል ቴራፒ፣ ክብደት፣ እኛ ደግሞ ኦክስጅን ይዘን ነው የወጣነው። በመጀመሪያው አመት 61 ቀጠሮ ደብተር ላይ ቆጥሬያለሁ፣ ኮፔይ (በየቀጠሮው ከኪስ የምትከፍይው) እና ፓርኪንግ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ባሌ ኡበር ስለሚነዳ እሱ ያልሰራበት ቀን ሁሉ ከኪሳችን ነው የሄደው። ክረምት ላይ ጉንፋን ይዟት ድጋሚ 5 ቀን ተኛች፣ የአርኤስቪውን (የህፃናትን ሳንባ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው) መከላከያ መርፌ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቂ። ኧርሊ ኢንተርቬንሽን (የህፃናትን እድገት የሚያግዝ ፕሮግራም) ግን እስከ 3 አመቷ ቤት ድረስ እየመጡ ሰሩላት፣ እዚህ ስቴት በነፃ ነው።

ፈቃድሽን ደግሞ አሁን አትጨርሺው። ኤፍኤምኤልኤ (ስራሽን ሳታጪ ፈቃድ የሚሰጥሽ የፌደራል ህግ) 12 ሳምንት ነው ያውም ያለ ደሞዝ፣ እኔ በሶስተኛው ሳምንት እያለቀስኩ ስራ ገብቼ ማታ ማታ ደረቴ ላይ አቅፌያት እያመሸሁ የቀረውን ቤት ስትገባ ነው የወሰድኩት። የምትሰሪበት ቦታ ኤፍኤምኤልኤ አለው? ኢንሹራንሱስ ባንቺ ነው በባልሽ? እሱን ንገሪኝና እቀጥልልሻለሁ።