ሳይን ለምን ቀጥ ያለ መስመር ሆነ?

አንድ የኮምቦልቻ የሂሳብ መምህር እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦ «ከደሴ በፍላሽ አስጭኜ ያመጣሁት ጂኦጂብራ የሚባለው ግራፍ መሳያ የሂሳብ ፕሮግራም በትምህርት ቤታችን አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ አልነሳ አለ። በራሴ ላፕቶፕ ተነስቶልኝ ሳይን ኤክስ ዲግሪ ብዬ ስጽፍ ደግሞ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ይሆን?»

አብሽሩ መምህር፣ ምንም አልሆነም። ለዚህ ብለው የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ድረስ መመለስ አያስፈልግዎትም። መጀመሪያ መስመሩን እንፍታ፤ ተማሪዎቹን የሚያሳስተው እሱ ነው።

ጂኦጂብራ ሲከፈት የሚያሳየው ትንሽ ቦታ ነው። አግድሙ መስመር ላይ ከዜሮ ግራና ቀኝ እስከ 10 አካባቢ ቢያሳይዎት ነው። የሳይን አንድ ሙሉ ዙር ግን በዲግሪ 360 ነው። የ10 ዲግሪ ሳይን ደግሞ 0.17 ገደማ ነው። ከዜሮ ተነስቶ 10 ድረስ ሄዶ 0.17 ብቻ ከፍ ያለ ነገር ለዓይን መስመር ነው። ኩርባው አለ፤ ከስክሪኑ ውጪ ስለቀረ ነው ያላዩት።

ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ ያድርጉና ከሚመጣው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ግራፊክስ የሚለውን ይክፈቱ። ኤክስ ሚን ላይ ኔጌቲቭ 360፣ ኤክስ ማክስ ላይ 360 ይጻፉ። ዋይ ሚንና ዋይ ማክስን ኔጌቲቭ 2 እና 2 ያድርጓቸው። ከዚያ ኤክስ አክሲስ ወደሚለው ይለፉና ዲስታንስን 90 ያድርጉት። ወዲያው ኩርባው ይወጣል፤ ከታችም 90፣ 180፣ 270፣ 360 ተደርድረው ያያሉ።

ሁለተኛው መንገድ የዲግሪውን ምልክት መተው ነው። ያለ ምልክቱ ፕሮግራሙ በራዲያን፣ ማለትም በሌላው የማዕዘን መለኪያ ነው የሚያሰላው፤ ያኔ ኩርባው ስክሪኑ ላይ ይታያል። ለማረጋገጥ ሳይን 30 ብለው ይጻፉ። 0.5 ሲጠብቁ ኔጌቲቭ 0.99 ገደማ ይሰጥዎታል፤ 30ን ራዲያን ብሎ ስለወሰደው ነው። አልት የሚለውን ቁልፍ ይዘው የእንግሊዝኛውን ፊደል ኦ (O) ሲጫኑ የዲግሪ ምልክቱ ይገባል፤ ያኔ 0.5 ይመጣል። ይህችን ሙከራ ክፍል ውስጥ በተማሪዎቹ ፊት ቢያደርጓት ደስ ይለኛል። ራዲያንና ዲግሪን ከዚህ በላይ የሚለይ ነገር አላውቅም።

የቱን ይምረጡ? ትሪጎኖሜትሪን ገና ለሚጀምሩ ልጆች በዲግሪ፣ ሰፋ ባለው ስክሪን ያሳዩ። ዴሪቬቲቭ ለደረሱት ግን ራዲያን ይሁን። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው በራዲያን ብቻ ነው። በዲግሪ ከጻፉት ፓይ ሲካፈል ለ180 የሚል ቁጥር ፊቱ ላይ ይለጠፍበታል፤ ልጆቹም ግራ ይጋባሉ።

አሁን ወደ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች። ጂኦጂብራ ክላሲክ የሚባሉ ሁለት ቅጂዎች አሉት፤ 5 እና 6። 6 አዲስ ነው፤ ግን ይከብዳል። ራሙ 2 ጊጋ በሆነ፣ ዊንዶውስ 7 ባለው ማሽን ላይ ከእሱ ጋር አይድከሙ። ክላሲክ 5ን ያስጭኑ። ለትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ሁሉ አለው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮምፒውተሩ የአድሚን ፓስወርድ እየጠየቀ አላስጭን ካለ፣ ሳይጫን የሚሠራ ፖርተብል የሚባል ቅጂ አለ። እሱ በዚፕ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ዚፑን ከፍቶ እዚያው ውስጥ እያለ ፕሮግራሙን ይነካል፤ ከዚያ «ፋይል ጠፋ» ይለዋል። መጀመሪያ ዚፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ኤክስትራክት ኦል ይበሉ። የወጣውን ፎልደር ከፍተው ያስነሱት።

ሲገለብጡልዎት «ክራክ» ወይም «ቁልፍ» የሚል ነገር አብሮ ከመጣ ፍላሹን አይክፈቱት። ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንዋርተር በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. ጂኦጂብራን ሲጀምረው ለሂሳብ ትምህርት ብሎ ነው። እስከ ዛሬም ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነፃ ነው። ነፃ ለሆነ ነገር ማን ክራክ ይሠራል? ቫይረስ ነው።

አጻጻፍ ላይም ሁለት ነገር ልበል። ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ ከሆነ ፕሮግራሙ አይገባውም። እዚህ ኤክስ እያልኩ የምጽፈውን እርስዎ በእንግሊዝኛው ፊደል ያስገቡ። ሌላው ቅንፍ ነው። 1/ኤክስ+2 ብለው ከጻፉ 1/ኤክስን ስሎ ሁለት ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ታች ከኤክስ ጋር እንዲሆን ከፈለጉ 1/(ኤክስ+2) ነው። ወረቀት ላይ የክፍልፋዩ መስመር ራሱ ቅንፍ ስለሆነ ጎበዝ ተማሪም እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሎጋሪዝም ሲጽፉም ቤዙን አይተዉት፤ ሎግ ብለው በቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ ቤዙን፣ ከኮማ በኋላ ኤክስን ያስገቡ።

ግራፉን ሙሉ በሙሉ የማያምኑበት አንድ ቦታ አለ። (ኤክስ ስኩዌር−4)/(ኤክስ−2) ብለው ይጻፉ። ቀጥ ያለ ሙሉ መስመር ይስልልዎታል። ኤክስ 2 ሲሆን ግን ፈንክሽኑ ዋጋ የለውም፤ መስመሩ እዚያ ነጥብ ላይ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባ ነበር። ጂኦጂብራ ቀዳዳውን አያሳይም። ኤፍ(2) ብለው፣ ማለትም ኤክስ 2 ሲሆን ዋጋው ስንት ነው ብለው ሲጠይቁት ግን ቁጥር አይመልስልዎትም። ሊሚት ሲያስተምሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳዩዋቸው፤ ስዕሉን ብቻ ያየ ልጅ ፈተና ላይ ይሳሳታል።

ፈተና ካልኩ፣ ግራፉን በእጅ መሳል ይቅርብዎት። ኮንትሮልና ሺፍት ይዘው የእንግሊዝኛውን ፊደል ሲ (C) ይጫኑ፤ ስዕሉ ኮፒ ይሆናል። ወርድ ላይ ፔስት ያድርጉት።

በመጨረሻ፣ ያንን 360 እና 90 በየኮምፒውተሩ ደጋግመው አይሙሉ። አንዴ አስተካክለው በኮንትሮል ኤስ ሴቭ ያድርጉት። ፋይሉ የስክሪኑን ልክ አብሮ ይይዛል። መብራት ቢሄድም የሠሩት አይጠፋብዎትም። እሱን ፋይል ወደ ሁሉም ማሽን ይገልብጡ። ብቻ ፍላሹን መጀመሪያ አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ስካን ያድርጉት፤ በፍላሽ የገባ ቫይረስ በአንድ ቀን ሙሉ ላብራቶሪ ያዳርሳል።