ከጭምብሉ ሥር

ልጆቼ፣

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ ስቶክሆልም በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የአገሬ ልጅ ወንበሬ ላይ ተኛ። የላይኛውን ከንፈሩን በመስተዋቴ ገለጥ ሳደርግ የማውቀውን አየሁ፤ እንደተጨመቀ ጨርቅ የተሸበሸበ ነጣ ያለ ሥጋ፣ ከጎኑም ሸሽቶ የጥርሱን ሥር ያራቆተ ድድ። ስኑስ የሚባለው፣ በትንሽ ከረጢት ሆኖ ከከንፈር ሥር የሚወተፈው ትምባሆ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሐኪም የሚለውን ሁሉ አልኩት። ልጁ ተጉመጥምጦ ተነሣና በትሕትና «ዶክተር፣ እርስዎስ ተጠቅመው ያውቃሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

«በጭራሽ» አልኩት።

ይህን ስል ከግማሽ ሰዓት በፊት የወተፍኳት ከረጢት ከጭምብሌ ሥር፣ ከከንፈሬ ጀርባ ተቀምጣ ነበር። የልጁ ዓይን ወደ ሱሪዬ ኪስ ወረድ ሲል አየሁት። የስኑስ ቆርቆሮ ዘመን የቆጠረበት ኪስ ክብ ምልክት ያወጣል፤ ስዊድን ያደገ ልጅ ደግሞ ያንን ክብ የት አገኘሁት ብሎ አያስብም። ምንም አልተናገረም። አመስግኖኝ ወጣ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእርሱ ዕድሜ ላላችሁ ሁሉ ነው፤ ዋናው ዕዳዬ ግን ለእርሱ ነው።

አገር ቤት ላላችሁና ስኑስን ለማታውቁት ላስረዳ። እርጥብ የተፈጨ ትምባሆ ነው፤ ጨውና ሶዲየም ካርቦኔት ይገባበታል። ካርቦኔቱ የሚገባው ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል ፈጥኖ ወደ ደም እንዲሻገር ነው። በትንንሽ ከረጢት ተሞልቶ ይሸጣል፤ ስዊድኖች ከረጢቷን ፕሪላ፣ ክቡን ቆርቆሮ ዶሳ ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረት የስኑስን ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ1992 ከልክሏል፤ ስዊድን ግን በ1995 ኅብረቱን ስትቀላቀል ይህ ክልከላ እኔን አይመለከተኝም ብላ ነው የገባችው። ነገሩ እዚህ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

ለእኔ ቤተሰብ ግን ከአፍንጫ ወደ ከንፈር ወረደ እንጂ እንግዳ አልነበረም። አያቴ ሱረት ይስቡ ነበር። ንስሐ አባታቸው ከሩቅ ሲመጡ ከታዩ የሱረት ዕቃቸውን ከጋቢያቸው ጫፍ ሥር ከተት ያደርጓታል፤ ቄሱም ያዩና እንዳላዩ ሆነው ይባርካሉ። እኔ ተምሬ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ ያሻሻልኩት ነገር ቢኖር ጋቢውን በጭምብል መተካቴ ብቻ ነው።

አጀማመሬን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የተማርኩት ኪየቭ፣ በሶቪየት ኅብረት ዘመን ነው፤ ከዚያ ያመጣሁት ዲግሪና ሲጋራ ነበር። ስዊድን ስገባ የሙያ ፈቃዴን ለማስመለስ ቀን ቋንቋ እየተማርኩ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ እደረድር ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ማጨስ አይቻልም፤ ውጪው በረዶ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዶሳውን ከፍቶ ዘረጋልኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሲጋራን ተውኩ። እንደ ትልቅ ድል ቆጠርኩት፤ ለስኑስም ውለታ እንዳለብኝ ተሰማኝ። ሐቅ ለመናገር ስኑስ ከሲጋራ ይሻላል፤ ጭስ ስለሌለው ሳንባን አያቃጥልም። ይህን የሚክድ ሐኪም ቢገጥማችሁ አትመኑት። ከእሳት የሚሻል ነገር ሁሉ ግን ቤት አይገባም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም ጭስ አልባ ትምባሆን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ቶምባክ የሚባለው የሱዳን የአፍ ትምባሆ፣ ሻማ የሚባለው የየመንና የደቡብ ሳዑዲው ደግሞ ከስኑስ እጅግ የከፉ ናቸው፤ በእነዚያ አካባቢዎች ለምትሠሩ ልጆቼ ይህችን አስምሩባት።

የስኑስ ክፋቱ አለመታየቱ ላይ ነው። ሲጋራ ይሸታል፣ አመድ ይጥላል፣ ሚስት ትቆጣለች፣ ከቤት ያስወጣል። ስኑስ ግን ስብሰባ ላይ አብሮ ይቀመጣል፣ አውቶቡስ ውስጥ አብሮ ይሳፈራል፣ አንዳንዱም ከንፈሩ ሥር እንዳለ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ በቀን አንድ ዶሳ እጨርስ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሰዓቱን ስደምር፣ ነቅቼ ከምውልበት ጊዜ አፌ ባዶ የሚሆነው ስበላ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ይባስ ብሎ ዓቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ እጾማለሁ፤ ከረጢቷ ግን ከከንፈሬ አትወርድም። «ጾመኛ ነኝ» እያልኩ ቡና የሚያቀርቡልኝን ሰዎች እመልስ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ብቻዬን ለማቆም ስድስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ዶሳውን ሐይቅ ውስጥ ወርውሬያለሁ፤ በማግሥቱ ሱቅ በር ላይ ሳይከፈት ቆሜ ተገኝቻለሁ። ዕውቀት ቢያስተው ኖሮ እኔን ያስተወኝ ነበር፤ የሰው ከንፈር እየገለጥኩ የምኖር ሰው ነበርኩ። ችግሩ፣ ስጀምር ማንም ስላላወቀ ስወድቅም ማንም አያውቅም። በድብቅ የያዝኩትን በድብቅ ልተወው ነበር የምታገለው።

የዳንኩት በአንድ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየተጠጣ ነበር። አቦሉን ቻልኩ፣ ቶናውን ቻልኩ፣ በረካው ላይ ሐራራው ጠናብኝና ከረጢቷን ለመለወጥ ወጣሁ። መጣያው ላይ ጎንበስ ስል አንድ የማከብረው የአውቶቡስ ሾፌር ከወዲያ በኩል ጎንበስ አለ። ሁለታችንም ጣታችን ከንፈራችን ውስጥ ነበር። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሳቁ ሲያልቅ እርሱ «ዶክተር፣ እኔ ታክቶኛል» አለኝ። «እኔም» አልኩት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለዚህ ነገር ለሰው የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነተኛ ቃል ይህ ነው።

እቁብ እናቋቁም ያለው ሾፌሩ ነው። ስድስት ሆንን፤ እኛ ሁለታችን፣ አንድ አናጺ፣ ከባሏ ደብቃ የምትጠቀም ነርስ፣ አንድ ወጣት የሬስቶራንት ሠራተኛ፣ እና ጎረቤቴ የሆነ ስዊድናዊ ጡረተኛ። እያንዳንዳችን የዶሳ ዋጋ የነበረውን በሳምንት 300 ክሮነር እንጥላለን፤ እሑድ እሑድ 1,800 ክሮነር በዕጣ ይወጣል። ሁለት ዙር፣ አሥራ ሁለት ሳምንት። ጸሐፊዋ ነርሷ ናት። እስከዚህ ድረስ የምታውቁት እቁብ ነው። የእኛ ልዩ የነበረው ዋሱ ነው። በእቁብ ወግ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል። እኛ ግን ዋስ የጠራነው ለገንዘቡ ሳይሆን ለቀኑ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ዋስ፤ ዋሱ በየማታው ሦስት ሰዓት ይደውላል፤ የሚጠይቀውም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ዛሬስ?» መልሱ አዎ ወይም የለም ነው፤ ስብከት የለም፣ ምክር የለም።

ጎረቤቴ ነገሩን ወደደው፤ «ዋስ» የሚለውንም ቃል እየጠበቀ እየላላ ይለማመደው ጀመር። የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ግን ማንም አላስረዳውም ነበርና በመጀመሪያው ማታ ሦስት ሰዓት የተባለውን በራሱ ሰዓት ቆጥሮ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለሾፌሩ ደወለ። ሾፌሩ በአንድ ጥሪ አነሣው። እንቅልፍ አጥቶ ማብሰያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ ዶሳ ነበር። «ዛሬስ?» «እስካሁን የለም» አለው። እስኪነጋ ድረስ ስለ ዓሣ ማጥመድ አወሩ፤ ሾፌሩ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ብናስተካክልለትም ሾፌሩ እንዲቀየር አልፈለገም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አናጺው ወደቀ። ለቅሶ ቤት ነበር፤ ሌሊቱን ሲያድሩ አንድ ሰው ዘረጋለት፣ ወሰደ። በማግሥቱ ስልክ አላነሣም፤ በሁለተኛውም አላነሣም። እሑድ ዕጣው መውጣት አለበትና ምን እናድርግ ብለን ተከራከርን። እኔ፣ አሳፍሮኝ ነው የምነግራችሁ፣ ድርሻው ይያዝ ካሉት ነበርኩ። ነርሷ ደብተሯን ዘጋችና «እቁብ የሚፈርሰው ሰው ሲቸገር አይደለም፤ ሰው ሲጠፋ ነው» አለች። ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ይዘውት መጡ። ቃሉን ተቀበልን፣ ቀኑን ከአንድ ቆጠርንለት፣ ዕጣም ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይህ ሆነ፤ የወደቀ አይቀጣም፣ የጠፋ ይፈለጋል። በዚያው እሑድ እኔም ስለ ዋሸሁት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ። የሬስቶራንቱ ልጅ ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ «እኔን የሚያክሙኝም ሐኪም እንደዚያው ሳይሆኑ አይቀሩም» አለና አሳቀን።

ስለ ሥጋው ትግል ብዙ አላረዝምም። የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው። ኒኮቲን ከደም ፈጥኖ ይወጣል፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሰውነት ግን ሂሳቡን ይጠይቃል፤ ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ ድርቀት፣ ያለ ልክ መራብ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይበርዳል። አንድ ሐራራ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፤ እንደ ጀበና ነው፣ ሊገነፍል ሲል ከእሳቱ ፈቀቅ ካደረጋችሁት ይወርዳል። ፈቀቅ ማለት ደግሞ ወጥቶ መራመድ፣ ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት፣ ዋስን መጥራት ነው። ለአፍ ቆሎ ወይም ቅርንፉድ ያዙ። ከረሜላ አትያዙ፤ ከሱስ ወጥታችሁ ወደ ጥርስ ሐኪም መምጣታችሁ ለሙያ ጓደኞቼ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

መድኃኒትም አለ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቫሬኒክሊን የተባለው ክኒን በስዊድንና በኖርዌይ ስኑስ ተጠቃሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። በሕክምናው የመጨረሻ ሳምንታት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 59፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ከመቶ 39 ትተው ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ምንም ያልያዘ ክኒን ውጠው እንዴት ተዉ? እንደ እኔ ግምት፣ ቀጠሮ ነበራቸው፤ እንዴት ሆንክ የሚል ሰው በየጊዜው ይጠብቃቸው ነበር። ስዊድን ላላችሁ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ትምባሆ ማቆም ለሚፈልጉ የሚሰጥ የስልክ ምክር አገልግሎት አለ። እቁብ አብሯችሁ የሚጥል ሰው ካጣችሁ ከዚያ ጀምሩ።

ለእናንተ ዘመን የመጣው ነጩ ከረጢት ነው። «ትምባሆ የለውም» ይሏችኋል፤ እውነት ነው፣ ቅጠሉ የለበትም። ኒኮቲኑ ግን አለ፤ አንዳንዱም እኔ ከለመድኩት ይበረታል። የእንጆሪ ጣዕም ያለው ነገር ለስድሳ ዓመት ሽማግሌ እንዳልተሠራ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ስዊድን ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥ በሕግ የከለከለችው በ2022 ነው፤ ከዚያ በፊት የለመዱት ልጆች ዛሬ ወንበር ላይ እየመጡ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ነፍሰ ጡር የሆንሽ ልጄ፣ ኒኮቲን በየትኛውም ከረጢት ቢመጣ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ ይህን ለአዋላጅሽ ንገሪ፣ አትፈሪ።

እቁባችን በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ከስድስቱ አራታችን ንጹሕ ነበርን፤ አናጺው በሦስተኛ ሙከራው ላይ ነበር፣ የሬስቶራንቱ ልጅ ተመልሶ ገብቶበት ነበር። ሁለቱም እሑድ ከመምጣት አልቀሩም፤ አናጺው ዛሬ ትቷል። የመጨረሻው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ገንዘቡን ምን አደረግህበት ብትሉኝ፣ አዲስ ሱሪዎች ገዛሁበት።

ለዚያ ልጅ አንድ ነገር ይቀረኛል። ይህን የምታነብ ከሆነ፣ የጠየቅኸኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ያን ቀንም ጭምር። የነጣው ሥጋህ ከተውከው በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። በላይኛው መንጋጋህ በግራ በኩል ከክራንቻህ በላይ የሸሸው ድድ ግን በራሱ አይመለስም፤ ለስላሳ ብሩሽ ያዝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜም አስመርምረው። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ የሚደውልልህ ሰው ከሌለህ ደግሞ እዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ እሑድ፣ ቡናው ላይ አለሁ። ከመጣያው ርቄ ነው የምቀመጠው።