ጥያቄና መልስ፦ የትንንሽ ደሴቶች የወረቀትና የካርቶን ገቢ ንግድ

የታሪፍ ባለሙያው፦ ባለፈው ሳምንት አንድ አባል የሲሸልስንና የኮሞሮስን የወረቀት ገቢ ንግድ ለሕዝብ ብዛት አካፍሎ፣ «የሲሸልስ ሰው ከኮሞሮስ ሰው ብዙ እጥፍ ወረቀት ይጠቀማል» ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙዎቻችሁ እንዳለ ተቀበላችሁት። ስለዚህ ዛሬ ጠይቁኝ፤ ግን ምዕራፍ 48ን፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የዕቃ መለያ ሥርዓት የወረቀትና የካርቶንን ክፍል፣ በጥቅሉ ይዛችሁ አትምጡ። እንደ 4819 ባሉ ባለ አራት አሃዝ መለያ ቁጥሮች ክፈቱት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ገቢውን ለሕዝብ ብዛት ማካፈል ምን ስህተት አለው?

መልስ፦ ማካፈሉ ችግር የለውም፤ የተካፈለው ነው ችግሩ። ሲሸልስ 100 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይዛ ዋናዋ ደሴት ማሄ ላይ ትልቅ የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ አላት። ዓሣው በቆርቆሮ ይታሸጋል፣ ቆርቆሮው በካርቶን ተደርድሮ መርከብ ላይ ይጫናል። በ4819 የገባ ካርቶን፣ በ4821 የገባ መለያ ወረቀት፣ ከዓሣው ጋር ተመልሶ ይወጣል። የማሄ ነዋሪ አልጻፈበትም፣ አላነበበበትም። ኮሞሮስ ከ800 ሺህ በላይ ሕዝብ አላት፤ የምትሸጠው ቫኒላ፣ ቅርንፉድና የኢላንግ ኢላንግ አበባ የሽቶ ዘይት ነው። ዋጋው ትልቅ፣ ማሸጊያው ትንሽ። የሰዉን ፍጆታ የምትፈልግ ከሆነ 4802ን የጽሕፈት ወረቀት፣ 4820ን ደብተር፣ 4818ን ሶፍትና የሽንት ቤት ወረቀት ለይተህ አውጣ። 4818ም ቢሆን የሲሸልስ ሆቴሎች እንግዶች እንዳሉበት አትርሳ።

ጥያቄ፦ ብዙ ወረቀት የምታስገባው ደሴት የትኛዋ ናት?

መልስ፦ በየትኛው ዓመት? በዶላር ወይስ በቶን? እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ማርቲኒክንና ሬዩኒየንን በአገሮች የንግድ አኃዝ ውስጥ ፈልጌ አጣኋቸው።

መልስ፦ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አኃዝ ውስጥ ናቸው። ፖርቶ ሪኮም በአሜሪካ ውስጥ ተደምራለች፤ ጉዋም ግን አልተደመረችም። ኩራሳዎን ከ2010 በፊት የምትፈልጉ ኔዘርላንድስ አንቲልስ የሚለው ስር እዩ።

ጥያቄ፦ ሴንት ሉሲያና ዶሚኒካ ሁለቱም ሙዝ ላኪ ናቸው። ታዲያ የወረቀት ገቢያቸው ለምን አይመሳሰልም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የቆየሁት። 18 ኪሎ ገደማ ሙዝ የሚይዘው ካርቶን ከሌለ ሙዝ ከደሴት አይወጣም። ሴንት ሉሲያ ቪዬ ፎር ላይ የካርቶን ፋብሪካ አላት። ስለዚህ የምታስገባው የክራፍት ወረቀት ጥቅል ነው፦ 4804፣ ለመካከለኛው ሞገዳማ ንብር ደግሞ 4805። ቆርጣ፣ አጣብቃ፣ ካርቶን አድርጋ ለጎረቤት ትሸጣለች። ፋብሪካ የሌላት ጎረቤት የምታስገባው ያለቀለት ካርቶን ነው፣ 4819። ክብደቱ ያው ሆኖ ዋጋው የፋብሪካውን ጉልበትና ትርፍ ስለሚጨምር ይለያያል። በዶላር ብቻ አታወዳድሩ የምለው ለዚህ ነው፤ ቶኑን እዩ! ደግሞ የአውሮፓ የሙዝ ሥርዓት ከ1993 ጀምሮ ሲያከራክር ኖሮ በ1997 በዓለም ንግድ ድርጅት ከተፈረደበት በኋላ የእነዚህ ደሴቶች ሙዝ ተዳከመ። ሙዙ ሲቀንስ የካርቶን ወረቀቱ አብሮ ይቀንሳል። ያንን ቅናሽ አይቶ «ሕዝቡ ማንበብ ተወ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ጥያቄ (የስታትስቲክስ ተማሪ)፦ የሞሪሸስን 4818 እያየሁ ነበር። ከ2012 ወዲህ ተከታታይነቱ ይቋረጣል።

አንድ ትራንዚተር፦ አገር ውስጥ ማምረት ጀምረው ይሆናላ።

ሌላ አባል፦ ወይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ዋጋ አሳንሰው ነው። እኛስ ጋ ስንቱን አይተናል!

ትራንዚተሩ፦ ሰነድ ሳታይ ሰው አትክሰስ ወንድሜ። አስመጪው ሁሉ ሌባ ነው ማለት ነው?

ሌላ አባል፦ ሁሉ አላልኩም። ደብተር ግን ለምን እንዲህ ተወደደ? ወንጂ ወረቀት ፋብሪካ እያለን!

መልስ፦ ወንጂን ለሌላ ቀን። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። በመለያ ሥርዓቱ የ2012 እትም የወረቀት ዳይፐርና የንጽሕና መጠበቂያ ከ4818 ወጥተው ወደ 9619 ተዛወሩ። ከምዕራፍ 48 ጨርሶ ወጡ ማለት ነው። አገሮችም ወደ አዲሱ እትም የተሸጋገሩት በአንድ ዓመት አይደለም፤ አንዷን ደሴት በአሮጌው፣ ሌላዋን በአዲሱ እትም ብታወዳድሪ ልዩነቱ የዳይፐር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የፋሮ ደሴቶች ኑሯቸው ዓሣ ነው። ካርቶናቸው ብዙ መሆን የለበትም?

መልስ፦ ትኩስ ሳልሞን በብዛት የሚላከው በነጭ የፎም ሳጥን ነው፤ እሱ ፕላስቲክ ነው፣ ምዕራፍ 39።

ጥያቄ፦ ማልዲቭስ የካርቶን ቆሻሻ ሞልቷታል ይባላል፤ የካርቶን ገቢዋ ግን ትንሽ ነው። እንዴት?

መልስ፦ በታሪፍ መተርጎሚያ ደንብ 5 መሠረት ዕቃ የታሸገበት ካርቶን ከዕቃው ጋር ነው የሚመደበው። የቢስኩት ካርቶን ቢስኩት ነው፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ቴሌቪዥን ነው። ደሴት ደግሞ የምትበላውን ሳይቀር በኮንቴይነር የምታስገባ ናት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዋና ከተማዋ የማሌ ቆሻሻ የሚደፋባት ቲላፉሺ ደሴት ላይ የሚጣለው ካርቶን አብዛኛው ምዕራፍ 48ን ጨርሶ አላየውም። ስለ ቆሻሻ አወጋገድ የምታጠኑ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። የገቢ አኃዝ አይታችሁ የማቃጠያ ወይም የመልሶ መጠቀሚያ አቅም ብታሰሉ፣ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው የምትገነቡት። ደሴት ላይ ደግሞ የተረፈውን ቆሻሻ የሚያስቀምጡበት ቦታ የለም።

ጥያቄ፦ ስለዚህ በነፍስ ወከፍ ማን ይበልጣል?

መልስ፦ እንደገና ተጠየቅሁ። አራት አሃዝ፣ በቶን፣ አንድ እትም። ይህን ያላመጣ ሰው አልመልስለትም። ተማሪዋ፣ አንቺ ግን የሞሪሸሱን ከ2010 እስከ 2014 በኪሎ አውጥተሽ ላኪልኝ፤ 9619ን ጨምሪበት፣ ነገ ጠዋት አብረን እናየዋለን።