በፈረንሳይ ገጠር ካርፕ ለማጥመድ

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ላይ በመንጠቆ ዓሣ አጠምዳለሁ። በሐምሌ ፈረንሳይ ገጠር ወዳለው ወንድሜ ለሳምንት እሄዳለሁ። ካርፕ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋል? በቆሎስ ለዓሣው ማባበያ ምግብ ይሆናል? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ለወንዞችና ለሕዝብ ሐይቆች የማጥመጃ ካርድ ግዴታ ነው፤ ለተከታታይ 7 ቀን የሚያገለግለው ይበቃዎታል። በኢንተርኔት ይገዛል። ሌሊት ካርፕ ማጥመድ የሚቻለው በተለዩ ቦታዎች ብቻ ነው፤ የተያዘውም ወዲያው ይለቀቃል።

በቆሎ ይሆናል። ደረቁን 24 ሰዓት ዘፍዝፈው ፍሬው በጣት ሲጫኑት እስኪለሰልስ፣ 30 ደቂቃ ያህል ይቀቅሉት። በደንብ ያልራሰው ዓሣው ሆድ ውስጥ ያብጣል። 2 ፍሬ ይበቃል፤ መንጠቆው ላይ ግን አይሰኩት። ከመንጠቆው በሚንጠለጠል አጭር ክር ይሰኩት። ካርፕ ምግቡን ስቦ መልሶ ስለሚተፋ፣ ጫፉ ያልተሸፈነ መንጠቆ ሲወጣ ከንፈሩን ይይዛል። ከ60 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ካርፕ በሕይወት ይዞ መሄድ ግን ያስቀጣል።